በምን ያህል ይበልጣል?

ሁለት ነገሮችን ስናወዳድር «ይበልጣል»፣ «ይሻላል» እንላለን። የልዩነቱን መጠን የሚነግሩን ግን «ጥቂት»፣ «በጣም»፣ «እጅግ» የሚሉት ቃላት ናቸው። ተውሳከ ግሥ ይባላሉ።

ከጨፋ ሸለቆ ተነስተን ሽቅብ ብንጓዝ ኮምቦልቻ ከከሚሴ ከፍ ትላለች፤ ደሴ ግን ከከሚሴ እጅግ ከፍ ትላለች። ልዩነቱ ከ1000 ሜትር ይበልጣል።

ገበያ ላይ ስንነጋገር እጃችንና ድምፃችን ያግዙናል፤ ደብዳቤ ግን ቃል ብቻ ነው። በሬ ለሚሸጥልን ወንድማችን «ቀዩ ከጥቁሩ ይሻላል» ብለን ብንጽፍ ዋጋውን በምን ይለያል? «ጥቂት ይሻላል» ካልን ዋጋቸው ይቀራረባል፤ «እጅግ ይሻላል» ካልን ቀዩን በጥቁሩ ዋጋ አይሰጥም።

ለትንሹም ለትልቁም «እጅግ» ካልን ግን የሚያምነን አይኖርም። መዝነን እንጻፍ።

መልመጃ፦ ሁለት ከብቶቻችሁን «ጥቂት» ወይም «እጅግ» እያላችሁ አወዳድራችሁ ጻፉ።