ገሣጩን መለወጥ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ዓቢይ ጾም ሲገባ በየአጥቢያችን የሚታይ አንድ ነገር አለ። አንድ ሰው የወንድሙን ድንበር ሁለት ትልም ገፍቷል እንበል። የነፍስ አባቱ ይህን ይሰሙና «ልጄ፣ መሬቱን ሳትመልስ ጾሜን ያዝኩ እንዳትል» ይሉታል። አይቆጣም፣ ቃልም አይመልስም፤ መስቀል ተሳልሞ ይሄዳል። በሳምንቱ ግን ሌላ የነፍስ አባት ይዟል! ምነው ሲሉት «እኒያ አባት ቁጡ ናቸው፣ አልተስማማንም» ይላል። አባት ሲሞት ወይም ሰው አገር ሲለቅ ሌላ አባት መያዝ ያለ ነው፤ ይኼኛው ግን ሌላ ነው። ሰውየው ከጾሙ አንድ ቀን አላጎደለም። ቅዳሴ ሳይወጣ እህል አይቀምስም። ድንበሩ ግን እንደተገፋ አለ።

ተግሣጽን አለመቀበል ማለት በአፍ እምቢ ማለት ብቻ አይምሰለን። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱን ትቶ ገሣጩን መለወጥ ነው። ንጉሡ አክዓብ አራት መቶ ነቢያት ነበሩት፤ ሁሉም በአንድ አፍ ወደ ጦርነቱ ውጣ፣ ይቀናሃል አሉት። ሚክያስ የሚባል ሌላ ነቢይ እንዳለ ያውቃል፤ የማይወደውም ክፉ እንጂ መልካም ስለማይናገርለት መሆኑን ራሱ ተናግሯል (1ኛ ነገ. 22፥8)። ልብ በሉ! ሚክያስ ውሸታም ነው አላለም። አልወደውም ነው ያለው።

ሳኦልና ዳዊትንም እንይ። ሁለቱም «በድያለሁ» ብለዋል፤ ቃሉ አንድ ነው። ሳኦል ግን መጀመሪያ በጎቹን ያስቀረ ሕዝቡ ነው ብሎ አላከከ፤ መበደሉን ካመነ በኋላም ሳሙኤልን የለመነው በሽማግሌዎች ፊት እንዲያከብረው ነበር (1ኛ ሳሙ. 15፥30)። ነፍሱ ሳትሆን ስሙ አሳሰበችው። ዳዊት ናታን ሲገሥጸው ነገር አላበዛም፤ በኦርዮም በቤርሳቤህም አላመካኘም (2ኛ ሳሙ. 12፥13)። ንጉሥ ነበረ እኮ! ናታንን ዝም ማሰኘት አያቅተውም ነበር።

በአገራችን ዝም ያሰኘ ንጉሥ ነበረ። ከእኛ ከአቀስታ ወደ መካነ ሰላም ወገን፣ በቦረና ምድር፣ ጋስጫ አለ። ብዙዎቻችን ጋስጫን የምናውቀው በአባ ጊዮርጊስ፣ በመጽሐፈ ምሥጢርና በሰዓታት ደራሲው ነው። ከእሳቸው በፊት ግን አቡነ በጸሎተ ሚካኤል ዘጋስጫ ነበሩ። ዘመኑ የአፄ ዓምደ ጽዮን ነው፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1314 እስከ 1344። ንጉሡ በጦር ሜዳ ብርቱ፣ ግዛቱን ያሰፋ ሰው ነበር። ይሁንና የአባቱን ሚስት እንዳገባ ገድላቱ ይናገራሉ። አቡነ በጸሎተ ሚካኤልና አቡነ አኖሬዎስ ይህ አይገባህም ብለው ገሠጹት። እሱም አቡነ አኖሬዎስን አስገረፋቸው፤ አቡነ በጸሎተ ሚካኤልን ወደ ትግራይ አጋዛቸው። እኛ ነገሥታት ስላልሆንን ማጋዝ አንችልም፤ የነፍስ አባት መቀየር ግን እንችላለን።

በዚያው ኃጢአት የወደቀ አንድ ሰው በቆሮንቶስም ነበረ። ቅዱስ ጳውሎስ ከማኅበሩ እንዲለይ አዘዘ (1ኛ ቆሮ. 5)። በሁለተኛው መልእክቱ ደግሞ የተቀጣው ሰው በኀዘን ብዛት እንዳይዋጥ ይቅር በሉት፣ አጽናኑትም ይላል (2ኛ ቆሮ. 2፥6-8)። ያው ሰው ነው ብለው የተረጎሙ አባቶች አሉ። ኃጢአቱ ከንጉሡ ኃጢአት አንድ ነው፤ ይህ ደሃ ግን የሚያጋዘው ሰው ስላልነበረው ይሁን ልቡ ስለተሰበረ፣ ወደ ማኅበሩ ተመለሰ።

ይህን የምጽፈው ዲያቆንም ከዚህ ነጻ አይደለሁም። ቅኔ ቤት ሳለሁ የቆጠርኩትን ጉባኤ ቃና የኔታ አንድ ቃል ሰምተው አፈረሱብኝ። አኩርፌ ወጣሁና ለአንድ ጓደኛዬ ነገርኩት፤ «ግሩም ነው» አለኝ። ሦስት ቀን ሙሉ ያንን «ግሩም» ይዤ ዞርኩ። ጓደኛዬ ቅኔ ከጀመረ ገና ሁለት ወሩ ነበር!

«ገሣጩ ራሱ መች ንጹሕ ሆነና?» የሚል አይጠፋም። ላይሆን ይችላል። መሬቱ ግን የወንድምህ ነው ወይስ አይደለም? መልስ የሚፈልገው ይኼ ነው። የምንገሥጽም ብንሆን ናታንን እንይ፤ ወደ ንጉሡ ገብቶ የአንዲት በግ ታሪክ ነገረው እንጂ አደባባይ ላይ አልጮኸበትም። ጌታም ወንድምህ ቢበድልህ ብቻህን ሆነህ ንገረው ብሏል (ማቴ. 18፥15)። በሰንበቴ መካከል፣ ሰው ሁሉ እየሰማ ማዋረድ ቂም መወጣት ነው።

ያ ድንበር የገፋው ወንድማችን ሆሳዕና ሳይደርስ ገና ጊዜ አለው። የቀድሞው የነፍስ አባቱ እዚያው ደብር ናቸው፤ መሬቱም ሽማግሌ ባለበት ሊለካ ይችላል። ዳዊት ናታንን ከፊቱ አላራቀውም። ንጉሡ አርጅቶ አልጋ ላይ በዋለ ጊዜ እንኳ ናታን ወደ እልፍኙ ይገባ ነበር (1ኛ ነገ. 1፥22-23)። ከቤርሳቤህ ከተወለዱለት ልጆችም አንዱ ናታን ይባላል (1ኛ ዜና 3፥5)፤ ቅዱስ ሉቃስ የጌታችንን የትውልድ ሐረግ ሲቆጥር የሚያልፈው በዚህ ልጅ በኩል ነው (ሉቃ. 3፥31)።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።