የድመት ፍቅር በምን ይታወቃል?

ድመት እግራችን ሥር ስትታከክ ብዙዎቻችን «ርቧት ነው» ብለን እናልፋታለን። ይህ አንዳንድ ጊዜ እውነት ቢሆንም ሁልጊዜ ግን አይደለም። በጉንጯና በግንባሯ ሽታ የሚያመነጩ ዕጢዎች ስላሏት፣ በመታከኳ የራሷን ሽታ ታሳርፍብናለች፤ ይህም እንደ ቤተሰብ መቁጠሯን ያሳያል። ጅራቷን ወደ ላይ ቀጥ አድርጋ መቅረቧ የወዳጅነት ሰላምታ ነው። ጭን ላይ ወጥታ በፊት እግሮቿ ደጋግማ መጫኗ ደግሞ ከጥቢ ዘመኗ የቀረ ልማድ ነው፤ የድመት ልጆች ወተት እንዲወርድላቸው የእናታቸውን ጡት በዚሁ አኳኋን ይጫናሉና።

ዓይንም የራሱ ቋንቋ አለው። በእንግሊዝ አገር የሰሴክስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተሳተፉበትና በ2020 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት እንዳመለከተው፣ ባለቤታቸው ዓይኑን ቀስ ብሎ ሲከድንና ሲገልጥ ድመቶችም በአጸፋው ዓይናቸውን ያጠብባሉ። የማያውቁት ሰው ይህንኑ ሲያደርግም ወደ ዘረጋው እጅ ይበልጥ ይቀርባሉ።

ይሁን እንጂ አንድን ምልክት ከሌሎቹ ነጥሎ መተርጎም ያሳስታል። ሆዷን ገልጣ መጋደሟ መተማመንን ቢያሳይም «ዳብሱኝ» ማለት ላይሆን ስለሚችል፣ እጁን የሰደደ ሕፃን ሊቧጨር ይችላል። ጆሮዎቿ ወደ ኋላ ከተለጠፉ፣ ጅራቷም ከተወራጨ እጅን መሰብሰብ ይገባል። «ኩርር» የሚለው የጉሮሮ ድምፅም የምቾት ብቻ አይደለም፤ የታመመች ድመትም ታሰማዋለች። ድምፁን ብቻ ሰምተን ምግብ መተዋንና ጥግ ይዛ መደበቋን ካላስተዋልን፣ ሕመሟን እንደ ደስታ ቆጥረን ሕክምና እንነፍጋታለን።