የተሰነጠቀ የሲሚንቶ አውድማን ስለ ማደስ

በብርድ አገር ሲሚንቶን የሚሰነጥቀው ውሃ ውስጡ ገብቶ በረዶ ሲሆን ነው። በቆቦና በራያ ቆላ ግን ፀሐይና ነፋስ እርጥቡን ልስን ሳይጠነክር ያደርቁታል። ስንጥቁ ማሽላ ይውጣል፤ ነቀዝም ይሸሸግበታል። ስለሆነም ማኅበራት እድሳቱን ከውቂያ በፊት፣ በጥቅምት መጀመሪያ እንዲፈጽሙ እንመክራለን።

ጥቁር አፈር ከሥሩ ሰጥሞ ከሆነ ልስን አያድነውም፤ እንደገና ይሠራ። አለዚያ የላላው በመሮ ይነሣ፤ ይታጠብ፤ ሌሊቱን ይራስ። ጠዋት የተኛው ውሃ ተጠርጎ ቀጭን የሲሚንቶ ብጥብጥ ይቀባ። ወዲያውኑ 1 እጅ ሲሚንቶ ከ3 እጅ የታጠበ አሸዋ ጋር ተደባልቆ በ3 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ይለሰን። ልስኑ በእርጥብ ጆንያ ተሸፍኖ 7 ቀን ውሃ ይጠጣ፤ በሬ ከ28 ቀን በፊት አይግባበት። የ7 ቀኑ ውሃና አጠጪ ሳይዘጋጁ ሥራው አይጀመር።