እሳት ካለፈ በኋላ ሕዝብን የሚመራ ማን ነው?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የሚነበብ፦ መጽሐፈ ነህምያ ከምዕራፍ 1 እስከ ምዕራፍ 6

የተወደዳችሁ ልጆች፣ የዛሬው ትምህርታችን ስለ ዱር እሳት ነው። ይበልጡን የምንማረው ግን እሳቱ ከጠፋ በኋላ ስለሚቀረው ሥራ ነው። እሳት ሲነሣ ሰው ሁሉ ይሮጣል፤ ሲጠፋ ደግሞ ሁሉም ደክሞት ወደ ቤቱ ይገባል። ያን ጊዜ የቀረውን ሥራ አስታውሶ ሌሎችን የሚያስነሣ ሰው መሪ ይባላል።

1. የቆላችን እሳት

መተማ ስትጠራ ብዙ ሰው የሚያስታውሰው አፄ ዮሐንስ 4ኛ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ከድርቡሾች ጋር ሲዋጉ መውደቃቸውን ነው። የድንበሩ ከተማ መተማ ዮሐንስ የተባለችውም በእርሳቸው ስም ነው። መተማና በዙሪያዋ ያሉት የምዕራብ ጎንደር ቆላዎች ግን የሰሊጥ፣ የጥጥ፣ የማሽላና የዕጣን አገርም ናቸው። በቅዳሴ ጊዜ ከጽናው የሚወጣው መልካም መዓዛ በዚህ ቆላ ከሚበቅሉ ዛፎችም የሚገኝ ነው።

በክረምት ሣሩ ከሰው ቁመት በላይ ያድጋል። ከጥቅምት ጀምሮ መድረቅ ይጀምራል፤ ኅዳር አልፎ ፀሐዩ ሲበረታ አንዲት ፍም ትበቃዋለች። እሳቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው ከሰው እጅ ነው። አንዱ ለእርሻ ዱር ሲመነጥር ያቃጥላል። ሌላው ለከብቱ አዲስ ሣር እንዲበቅልለት አሮጌውን ይለኩሳል። ማር ቆራጩ ንቦቹን በጭስ ካባረረ በኋላ ጭራሮውን ሳያጠፋ ይሄዳል። መንገደኛውም ምሳውን አብስሎ፣ ፍሙን አፈር ሳያለብስ ይነሣል። ከእነዚህ መካከል ክፉ ለመሥራት ያሰበ ላይኖር ይችላል። ነፋስ ሲነሣ ግን የአንድ ሰው ቸልተኝነት የብዙ ሰው ሐዘን ይሆናል፤ የተከመረ ሰሊጥ፣ ጎጆ፣ ቀፎና የከብት መኖ አብሮ ይነዳል።

2. ዱሩ ድኗልን?

በአንድ ዓመት ሰኔ ላይ ተማሪዎቼን ይዤ በበጋው እሳት ባለፈበት ዱር በኩል አለፍን። ዝናቡ ጥሎ ስለ ነበር መሬቱ ሁሉ አረንጓዴ ሆኗል። አንድ ልጅ ደስ ብሎት፦ «መምህር፣ ዱሩ ድኗል!» አለኝ። እኔም፦ «እስቲ ከጉልበትህ የማይበልጥ የዕጣን ዛፍ ፈልገህ አሳየኝ» አልሁት። ልጆቹ ተበትነው ፈለጉ። ልጣጫቸው እንደ ወረቀት እየተላጠ የሚነሣ ትልልቅ ዛፎችን አገኙ፤ ትንሽ ዛፍ ግን አንድም አላገኙም። ያ ልጅ ተመልሶ መጥቶ ዝም አለ።

ልጆች፣ ነገሩ እንዲህ ነው። የሣር ሥር ከአፈር በታች ስለሚተርፍ በመጀመሪያው ዝናብ ያቈጠቍጣል። ትልቁ የዕጣን ዛፍም ብዙ ጊዜ ከእሳቱ ይድናል። ችግኙ ግን ቀጭን ነው፤ በየበጋው ከላይ እየደረቀ በየክረምቱ ከሥሩ እንደገና ይበቅላል፤ ሥሩ እስኪጠነክርም ዓመታት ይፈጅበታል። በእነዚያ ዓመታት እሳት በላዩ ከተመላለሰበት፣ የተረፈውንም ከብት ከጋጠውና ከረገጠው ዛፍ ሳይሆን ይቀራል።

በ2011 ዓ.ም. ኢትዮጵያውያን የሚገኙባቸው ተመራማሪዎች ዛፉ በሚበቅልባቸው 23 ቦታዎች ያጠኑትን አሳትመው ነበር። ከአራቱ ቦታዎች ከሦስቱ በሚበልጡት ውስጥ ትንንሽ ዛፎች አልተገኙም። ነገሩ በዚሁ ከቀጠለ በ20 ዓመት ውስጥ የሚመረተው ዕጣን በግማሽ እንደሚቀንስ ገምተዋል። ዛፉን የሚጎዱትም እሳት፣ ልቅ ግጦሽ፣ ነቀዝና ያለ ዕረፍት ማድማት ናቸው። ሽማግሌዎች ብቻ ያሉበት፣ ሕፃን የሌለበት መንደር ዛሬ ሙሉ መስሎ ቢታይ ነገ ባዶ ይሆናል። ዱርም እንዲሁ ነው። ስለዚህ አረንጓዴ ሣር አይተን «ድኗል» ብለን ወደ ቤታችን አንግባ።

3. ነህምያ ምን አደረገ?

ነህምያ በሱሳ ከተማ የንጉሡ የአርጤክስስ ጠጅ አሳላፊ ነበር። የኢየሩሳሌም ቅጥር እንደ ፈረሰ፣ በሮችዋም በእሳት እንደ ተቃጠሉ በሰማ ጊዜ ያደረገውን በቅደም ተከተል እንመልከት።

ሀ. አዘነ፣ ጾመ፣ ጸለየ። በጸሎቱም የሌላውን በደል ብቻ ሳይሆን የራሱንና የአባቱን ቤት በደል ተናዘዘ። እሳት ከእጁ ያመለጠበት ሰው «ከእኔ ነው የወጣው» ብሎ ከተናገረ ሰው ቶሎ ይደርሳል፤ ከፈራና ከደበቀ ግን እሳቱ ይቀድማል። ስለዚህ ያመነውን ሰው ማሳፈር አይገባም።

ለ. ከመናገሩ በፊት አየ። በሌሊት ተነሥቶ የፈረሰውንና የተቃጠለውን እየዞረ ተመለከተ። መሪ ጉዳቱን በዓይኑ አይቶ፣ ቈጥሮ ይናገራል። የማን ጎጆ ተቃጠለ? የማን ዘር እህል ጠፋ? መኖ ያጣው ማን ነው? ችግኝ የተረፈው በየትኛው በኩል ነው?

ሐ. ሥራውን አከፋፈለ። ብዙዎቹ በየቤታቸው ፊት ለፊት ያለውን ሠሩ። ካህናቱ፣ ወርቅ አንጥረኞቹ፣ ሽቱ ቀማሚዎቹ ተሰለፉ፤ አንድ አለቃም ከሴቶች ልጆቹ ጋር ሠራ። የቴቁሔ ሰዎች ሲሠሩ ታላላቆቻቸው ግን አልተባበሩም፤ ይህም ተጽፎ ቀርቷል። የሠራም ያልሠራም አይረሳም።

መ. ለድሃው ተሟገተ። በችግር ጊዜ ለወገኖቻቸው በወለድ እያበደሩ እርሻቸውን የሚወስዱትን ገሠጻቸው፤ እርሱም ለገዥ የሚገባውን ቀለብ አልበላም። ሰሊጡ የተቃጠለበት ጎረቤት ሲቸገር መሬቱን በርካሽ ለመያዝ መሮጥ ከእሳቱ የሚከፋ እሳት ነው። የእኛ አባቶች እንዲህ ላለው ቀን ደቦ አላቸው፤ አንዱ እንጨት፣ አንዱ ሣር፣ አንዱ ጉልበት ይዞ መጥቶ ጎጆውን ይመልሱለታል።

ሠ. የተሠራውን አስጠበቀ። ገሚሱ ሲሠራ ገሚሱ ይጠብቅ ነበር። ቅጥሩም በ52 ቀን ተፈጸመ።

ልጆች፣ ቅጥር በ52 ቀን ይሠራ ይሆናል፤ የዕጣን ዛፍ ግን በ52 ቀን አያድግም። ስለዚህ በእኛ ቆላ ከሁሉ የሚረዝመው ሥራ መጠበቅ ነው።

4. ከጎረቤቶቻችን የምንማረው

በዚያው በ2011 ዓ.ም. በመጋቢትና በሚያዝያ ወር ዋልያ በሚኖርበት በስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እሳት ተነሥቶ ነበር። የአካባቢው ሰዎች ተራራ ወጥተው እሳቱን ታገሉት። ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤልም የእሳት አደጋ ባለሙያዎች መጥተው አገዙ። ይህ ታላቅ ርዳታ ነው፤ ምስጋናም ይገባዋል። ነገር ግን ሄሊኮፕተር ሥራውን ሲፈጽም ይመለሳል። ከተቃጠለው መሬት ጋር የሚቀረው የአገሩ ሰው ነው።

በደቡብ ጎንደር ደግሞ በዙሪያቸው ያለው ደን ተመንጥሮ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ብቻ የቀሩ ዛፎች አሉ። በአንዳንዶቹ አጥቢያዎች ካህናትና ምእመናን ከእርሻቸው ላይ ድንጋይ እየለቀሙ ደኑን ዙሪያውን አጠሩት። እርሻው ከድንጋይ ጸዳ፤ ከብትም ወደ ደኑ እንዳይገባ ተከለከለ። በእኛም ቆላ የማኅበረ ሥላሴ ገዳም መነኮሳት በዙሪያቸው ያለውን ደን ሲጠብቁ ኖረዋል። እነዚህ ሁሉ የሚያስተምሩን ትልቅ ገንዘብ ሳይጠብቁ በእጅ ባለው መጀመርን ነው።

5. እኛስ ምን እናድርግ?

የቀበሌ ሹሙ፣ ካህኑና የአገር ሽማግሌው የየራሳቸው ድርሻ አላቸው። ሣሩ ሳይደርቅ በጥቅምት ተሰብስበው በእርሻና በዱሩ መካከል ሣሩን አጭደው ባዶ መስመር ያወጣሉ፤ እሳት ካለፈበት ዱር ጥቂቱን ከልለው ከብት እንዳይገባበት ይስማማሉ። ዕጣን የሚያደሙትም ዛፉን ያሳርፋሉ። የእናንተ ድርሻ ደግሞ ይህ ነው፦

• ከብት ስትጠብቁ ክብሪት ወደ ዱር ይዛችሁ አትሂዱ።
• ጭስ ስታዩ ራሳችሁ ወደ እሳቱ አትሩጡ፤ ወደ መንደር ሮጣችሁ ለትልቅ ሰው ንገሩ።
• የተከለለውን ቦታ ፍየሎቻችሁ እንዳያልፉት ጠብቁ።
• በክረምት አንዲት የዕጣን ችግኝ ፈልጋችሁ ቦታዋን አስታውሱ። በበጋ ደርቃ ብታገኟት ሞታለች ብላችሁ አትንቀሏት፤ ሥርዋ በሕይወት ሊኖር ይችላልና።
• ቤቱ የተቃጠለበትን ጓደኛችሁን ደብተርና እርሳስ አካፍሉት።

ያ «ዱሩ ድኗል» ያለኝ ልጅ በሚቀጥለው ሳምንት ከትምህርት በኋላ ቀረና፦ «መምህር፣ ጓደኞቼ ፍየል በሚያሰማሩበት በኩል ሁለት ትንንሽ ዛፎች አገኘሁ፤ በዚያ እንዳያሳልፉ ነገርኋቸው» አለኝ። ሹመት የለውም፤ ከሁላችን አስቀድሞ ግን መጠበቅ ጀመረ።

የመልመጃ ጥያቄዎች

1. እሳት ባለፈበት ዱር ሣር መብቀሉ ዱሩ ለመዳኑ ለምን ማስረጃ አይሆንም?
2. ነህምያ ለሕዝቡ ከመናገሩ በፊት ምን አደረገ? ለምን?
3. በመንደራችሁ እሳት የደረሰበት ሰው ቢኖር በመጀመሪያ ምን ትቈጥራላችሁ?
4. ለውይይት፦ እሳቱ ከእጁ የወጣ ልጅ እውነቱን ቢናገር መንደሩ እንዴት ሊቀበለው ይገባል?
5. የቤት ሥራ፦ ድሮ ዱሩ እስከ የት ድረስ እንደ ነበረ አያቶቻችሁን ወይም ጎረቤት ሽማግሌ ጠይቁና ጽፋችሁ አምጡ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።