የሦስት ሰዓት ሥራ አምስት ሰዓት ሲሆን ምን እናድርግ?

 

በዚህ ወር ትምህርት እንድጽፍ ስትጠይቁኝ ስለ ሥራ ብዛት ልጻፍ ብዬ አሰብኩ። እዚህ ቤይሩት ብዙዎቻችን ከቤቱ ሥራ ሌላ በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ቢሮ ማጽዳት ጀምረናል። ስንገባ «ሦስት ሰዓት ብቻ ነው፣ ቀላል ነው» ይሉናል። ወር ሲሞላ ሦስት ሰዓቱ አምስት ሆኖ እናገኘዋለን፣ ክፍያው ግን ያው ነው። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ የመጣሁ ሠራተኛ እንጂ የሕግ አዋቂ አይደለሁም። ያየሁትንና የሞከርኩትን ግን በተራ በተራ እጽፍላችኋለሁ።

1. መጀመሪያ ወረቀታችንን እንወቅ

የሊባኖስ የሥራ ሕግ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1946 ነው። ሰባተኛው አንቀጽ በግለሰብ ቤት የምንሠራውን የቤት ሠራተኞች ከሕጉ ውጪ አድርጎናል። ለእኛ የተዘጋጀው መደበኛ ውል የመጣው በ2009 ነው። እዚያ ውል ላይ የሥራ ሰዓት በቀን ከ10 እንዳይበልጥ፣ ሌሊት ሳይቆራረጥ 8 ሰዓት እረፍት እንዲኖር፣ በሳምንት ደግሞ 24 ሰዓት እረፍት እንዲሰጥ ተጽፏል። ብዙ ቤት እንደማይከበር ሁላችንም እናውቃለን። ቢሆንም ተጽፎ መኖሩን ማወቅ ሌላ ነገር ነው፤ ስንናገር «እባክህ እዘንልኝ» ሳይሆን «ውሉ ላይ ያለው ይህ ነው» ለማለት ያበቃናል።

ያው ውል ሌላም ነገር ይላል። አሠሪው ሠራተኛዋን ከመኖሪያ ቤቱ ሌላ ቦታ እንዳያሠራ ይከለክላል። ስለዚህ ማዳም «የሚስተር ቢሮ ሂጂ» ስትል በውሉ መሠረት ግዴታችን አይደለም ማለት ነው። እሺ ካልንም በስምምነትና በተለየ ክፍያ መሆን አለበት። ከፊሏ ሳታውቅ ሌላ ሰው ቢሮ የምትሠራ እህት ደግሞ የበለጠ ትጠንቀቅ፤ ፖሊስ መንገድ ላይ ወረቀት ሲጠይቅ የምትያዘው እሷ እንጂ ባለቢሮው አይደለም። ይህን የምለው ለማስፈራራት ሳይሆን አስባችሁበት እንድትገቡ ነው። አባቶች «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይላሉ።

2. ሥራውን በደቂቃ እንቁጠረው

እኔ የምሠራበት ቢሮ የማዳሜ ዘመድ ነው። ማዳሜ ታውቃለች፣ ክፍያው ለብቻው ነው። የተስማማነው ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ፣ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 9 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት ነበር። በቢሮ ቀን ቤት ውስጥ ጠዋት 6 ሰዓት፣ ማታ ደግሞ ለእራት ዕቃ 1 ሰዓት እሠራለሁ። ቢሮው 3 ሲጨመር በትክክል 10 ይሆናል።

ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ ሥራ ይጨመር ጀመር። «ለእንግዳ ቡና አፍዪ»፣ «ይህን ወረቀት ፎቶ ኮፒ አድርጊ»፣ «ላይኛውን ፎቅም እግረ መንገድሽን» ይባላል። እያንዳንዱ ለብቻው ሲታይ ትንሽ ነው። በዕድሜ የሚበልጡን አንዲት እህታችን «ልጄ፣ ያልተቆጠረ ሥራ ተራራ ነው፣ ቁጠሪው» አሉኝ። እኔም አንድ ሳምንት ሙሉ የስልኬን ሰዓት እያየሁ ደብተር ላይ ጻፍኩ። እንዲህ ወጣ፦

አምስት ክፍል አቧራ ማንሳትና ቆሻሻ መድፋት፦ 40 ደቂቃ
መጥረግና መወልወል፦ 50 ደቂቃ
ሁለት ሽንት ቤት፦ 30 ደቂቃ
ኩሽናና ስኒ፦ 25 ደቂቃ
የመግቢያው መስታወት፦ 10 ደቂቃ

ይህ የመጀመሪያው ስምምነት ነው። ድምሩ 155 ደቂቃ፣ ማለትም 2 ሰዓት ከ35። ከ3 ሰዓቱ ውስጥ 25 ደቂቃ ይተርፋል፤ ለመተንፈስና ልብስ ለመቀየር ይሆናል። በኋላ የተጨመረው ደግሞ ይኸው፦

ለእንግዳ ቡና፣ በቀን አምስት ጊዜ ያህል፦ 40 ደቂቃ
ፎቶ ኮፒና ወረቀት ማስተካከል፦ 30 ደቂቃ
ላይኛው ፎቅ፦ 60 ደቂቃ

ይህ 130 ደቂቃ ነው። ሁለቱ ሲደመሩ 285 ደቂቃ፣ ማለትም 4 ሰዓት ከ45። ስለዚህ በየቀኑ 1 ሰዓት ከ45 ትርፍ እሠራ ነበር። በሦስት ቀን 5 ሰዓት ከ15፣ በአራት ሳምንት ደግሞ 21 ሰዓት ይሆናል። 21 ሰዓት ለሦስት ሲካፈል ሰባት ነው። ሰባት የሥራ ቀን በነጻ ማለት ነው እህቶቼ! ደብተሩን ሳየው ራሴን ይዤ ተቀመጥኩ። ለካ ያ ሁሉ ድካም የእኔ ስንፍና አይደለም፣ ሥራው ራሱ ሰዓቱ ውስጥ አይገባም።

የመቁጠር ትልቁ ጥቅም ይህ ነው። ሥራ ሲበዛብን መጀመሪያ የምናማው ራሳችንን ነው፤ «እኔ ነኝ የምዘገየው፣ ሌላዋ ብትሆን ትጨርሰው ነበር» እንላለን። ቁጥሩ ሲወጣ እውነቱ ይለያል። ቆጥራችሁ ሰዓቱ ውስጥ የሚገባ ከሆነም ጥሩ ነው፣ ቅደም ተከተሉን ብቻ አስተካክሉ።

3. የሚቀድመውን እናስቀድም

ሁሉም እኩል አይደለም። ሽንት ቤትና ኩሽና አንድ ቀን ቢዘለል ይሸታል፣ ሰው ይታመማል። የመደርደሪያ አቧራ ግን ለረቡዕ ቢቆይ ማንም አይሞትም። እኔ ሥራውን በሦስት ከፍዬዋለሁ፦ በየቀኑ የግድ የሚሠራ፣ በሳምንት አንዴ የሚበቃው፣ በወር አንዴ የሚበቃው። መጋረጃና የመስኮት ውጪ ሦስተኛው ውስጥ ነው።

አሠራሩም ጊዜ ይቆጥባል። ከላይ ወደ ታች፣ ከደረቅ ወደ እርጥብ፣ ከውስጥ ወደ በር። መጀመሪያ አቧራ፣ ከዚያ መጥረግ፣ መጨረሻ መወልወል። ወለሉን ወልውላችሁ አቧራ ብታራግፉ ሁለተኛ መወልወላችሁ ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው ይሄ ነው። ሽንት ቤት ደግሞ ስትገቡ በረኪናውን አፍስሳችሁ ወደ ሌላ ሥራ ሂዱ፤ አሥር ደቂቃ ሲቆይ ቆሻሻውን ራሱ ይለቀዋል፣ እናንተ በኃይል አትፈገፍጉም።

4. እንዴት እንናገር?

አፍ ያለው ጤፍ ይቆላል ይባላል። ግን አነጋገርም አለው። ሰው ፊት፣ እንግዳ ባለበት፣ ወይም ሚስተር ተናዶ ስልክ እያወራ ሳለ አይነገርም። ጠዋት ወይም ሥራው ሊያልቅ ሲል ረጋ ብሎ ነው። «አልሠራም» ማለት በሩን ይዘጋዋል። እኔ የምጠቀምባት ቃል «ሹ ባዕሚል አወል ሺ?» ናት፤ መጀመሪያ ምን ልሥራ ማለት ነው። ሁለት ሥራ በአንድ ጊዜ ሲያዙኝ ይህን እጠይቃለሁ። ያን ጊዜ የሚመርጡት እነሱ ናቸው፣ የቀረውም የቀረው በእነሱ ምርጫ ነው። ጊዜው ሲያልቅ ደግሞ «ማ ፊ ወእት፣ ቡክራ» እላለሁ፤ ጊዜ የለም፣ ነገ።

የሰዓቱን ነገር ለሚስተር መጀመሪያ በአፍ ስነግረው ሳቀ። «ያላ ያላ፣ አንቺ ጠንካራ ነሽ» ብሎ አለፈ። በሳምንቱ ደብተሩን አሳየሁት። ቁጥሩን በአረብ አኃዝ እንድትጽፍልኝ የለመንኳት ፀሐፊዋን ነው፤ ጥሩ ልጅ ናት። እሱ ነጋዴ ነው፣ ቁጥር ሲያይ ዝም አለ። ከዚያ ለቡናው እኔው ራሴ መላ አመጣሁ፦ ስገባ አንዴ አፍልቼ በፔርሙዝ ላስቀምጥ፣ እንግዳ ሲመጣ ፀሐፊዋ ትቅዳ። 40 ደቂቃው 10 ሆነ። ፎቶ ኮፒውን ፀሐፊዋ ወሰደች። ላይኛው ፎቅ ዓርብ ብቻ ሆነ፣ ለእሱም የ1 ሰዓት ክፍያ ተጨመረ። አሁን ሰኞና ረቡዕ 165 ደቂቃ፣ ዓርብ 225 ደቂቃ እሠራለሁ።

ሁሉም ተስተካክሏል ብዬ አልዋሻችሁም። ያለፈውን 21 ሰዓት «ያለፈው አልፏል» ብሎ አልከፈለኝም። ልብስ አስተኩሺ የሚል ነገርም አሁን እየመጣ ነው። ደብተሩን ግን አልተውኩትም።

5. ጉልበታችንና ጤናችን

ሰዓት ሲያጥር የምንሠራው አደገኛ ነገር አለ፤ ቶሎ እንዲለቅ ብለን መድኃኒት እንቀላቅላለን። እህቶቼ፣ በረኪናን ከሽንት ቤት አሲድ ጋር፣ ከኮምጣጤ ጋር፣ አሞኒያ ካለበት የመስታወት ማጽጃ ጋር በፍጹም አትቀላቅሉ። የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል፣ በተዘጋ ትንሽ ሽንት ቤት ውስጥ ሊገድልም ይችላል። በረኪና በቀዝቃዛ ውኃ ነው የሚበጠበጠው። መስኮት ክፈቱ፣ ጓንት አድርጉ። ዓይናችሁን ከለበለባችሁና ካሳላችሁ ሁሉንም ጥላችሁ ወደ አየር ውጡ። ሥራው ይቆያል።

ባልዲ ደግሞ ሞልታችሁ አትሸከሙ። 20 ሊትር ውኃ 20 ኪሎ ነው። ሁለቴ በግማሽ መመላለስ ይሻላል። ስታነሱ ከወገብ ሳይሆን ከጉልበት ዝቅ በሉ። ወገብ አንዴ ከሄደ ሚስተርም ማዳምም አይመልሱትም፣ አገራችን የምንመለስበት ወገብ ነው።

6. ክፍያውን ግልጽ እናድርግ

በወር ይህን ያህል ከማለት በሰዓት ይህን ያህል ብላችሁ ተስማሙ። በሰዓት ሲሆን ትርፍ ሥራ ትርፍ ገንዘብ አለው። በዶላር ይሁን በሊራ አስቀድሞ ይነገር። እዚህ የከረማችሁ ታስታውሱታላችሁ፤ ድሮ አንድ ዶላር 1,507 ሊራ ገደማ ነበር፣ እ.ኤ.አ. ከ2019ኙ ቀውስ በኋላ ወርዶ ወርዶ በ2023 90 ሺህ አካባቢ ደረሰ። በሊራ የተዋዋለች እህት ቁጥሩ ሳይቀነስባት ደመወዟ ጠፋ። የተቀበላችሁበትን ቀንና መጠን ጻፉ፣ ከተቻለ አስፈርሙ፣ ገጹንም ፎቶ አንሱት። ደመወዝ ቢከለከል ወይም ነገር ቢከፋ ካሪታስ አለ፤ እኛው ኢትዮጵያውያን የቤት ሠራተኞች በ2017 ያቋቋምነው «እኛ ለኛ በስደት»ም አለ። ደብተር ይዛ የምትሄድ እህት ባዶ እጇን ከምትሄደው ይልቅ ትሰማለች።

በመጨረሻ፣ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው። አረብኛ መጻፍ የምትችል ለማትችለው ትጻፍላት፣ ዋጋ የምታውቅ ለአዲሷ ትንገራት። አንዳችን ባረከስነው ዋጋ ሌላዋን ይቀጥሯታል።

ለውይይት

ሀ. በሚቀጥለው ስንገናኝ የአንድ ቀን ሥራችሁን በደቂቃ ጽፋችሁ ኑ። አብረን እንደምር።
ለ. ከሥራችሁ ውስጥ በየቀኑ የግድ የሆነው የትኛው ነው? በሳምንት አንዴ የሚበቃውስ?
ሐ. አንዲት እህት ብትናገር ወደ መክተብ እንዳይመልሷት ትፈራለች። ምን እንመክራታለን? ማን አብሯት ሊቆም ይችላል?
መ. ለአዲስ ቢሮ ሥራ ስንስማማ ልንጠይቃቸው የሚገቡ አምስት ጥያቄዎችን በጋራ እናውጣ፣ በሚቀጥለው እትም ይታተማሉ።

ሰላም ሁኑ።
እህታችሁ፣ ከቤይሩት