ሕፃናትን የት እናጫውት?

መናፈሻ ለሕፃናት ያለ ጥቁር ሰሌዳ የሚሰጥ ትምህርት ነው። በአዲስ አበባ ታላቁ ቤተ መንግሥት ግቢ በ2012 ዓ.ም. የተከፈተው አንድነት ፓርክ አንበሳን በዓይን ያሳያል፤ ነገር ግን መግቢያው በክፍያ ነው። በገንዘብ እጦት አንድ ልጅ እንኳ የሚቀር ከሆነ ጉዞውን እንተወው እንላለን። የቀረው ልጅ የሚማረው ከጓደኞቹ ማነሱን ብቻ ነዋ!

ይልቅስ የሰፈሩን ሜዳ እንጠቀም። መሬት ላይ ሰኞ ማክሰኞ ብናሰምር ልጆቹ በአንድ እግር እየዘለሉ ሚዛን መጠበቅን፣ የቀናትን ቅደም ተከተልና ተራ ማክበርን ይለምዳሉ። አስቀድመን ግን የጠርሙስ ስባሪና ጉድጓድ አለመኖሩን እንይ፤ ጥላና የሚጠጣ ውሃም አይዘንጋ። በማስተማር ልምምዳችን ሁላችንም እንሞክረው!