ያልሰማ አባል አልወሰነም

ነገር ከሥሩ ውኃ ከጥሩ ይባላልና ትምህርቱን ከሥሩ እንጀምር። የመምህራን ማኅበር ማለት ማን ነው? ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ነገር ግን «ማኅበሩ መግለጫ አወጣ»፣ «ማኅበሩ ከሚኒስቴሩ ጋር ተነጋገረ» ሲባል በሐሳባችን የሚመጡት በጠረጴዛ ዙሪያ የተቀመጡ አምስት ስድስት ሰዎች ናቸው። ከእነርሱ ቀጥሎ ማኅተሙና ቢሮው ይመጣሉ። ሰባ ተማሪ ፊት ቾክ ይዛ የቆመችው መምህርት ግን አትመጣም። ስለ ማኅበሩ የምትሰማው ሁሉ ካለቀ በኋላ ከሆነ እርሷም ራሷን ከማኅበሩ ውስጥ አትቆጥርም፤ «እነርሱ» ትላለች እንጂ «እኛ» አትልም።

የዛሬው ትምህርት እንዲህ ይላል፦ ማኅበር አባላቱ አብረው ያወቁትና አብረው የወሰኑት ነገር ነው። ስለዚህ ለአባል ማሳወቅና አባልን ማማከር መሪዎች ሲመቻቸው የሚያደርጉት ውለታ ሳይሆን የማኅበሩ ህልውና ነው። ይህን በቀስታ፣ በምሳሌ እያስደገፍን እንየው።

ምሳሌያችንን ከጅቡቲ፣ ከአርሂባ እንጀምር። አርሂባ በጅቡቲ ከተማ አፋሮች የበዙበት፣ ብዙ አባወራ በወደብ የጉልበት ሥራ ኑሮውን የመሠረተበት ሠፈር ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ዲሴምበር 18 ቀን 1991 የመንግሥት ታጣቂዎች በሠፈሩ ነዋሪ ላይ ተኩሰው በርካታ ሰዎች ሞተውበታል። እንዲህ ያለ ነገር ባለፈበት ሠፈር ሰው ቃሉን መዝኖ መናገር ይለምዳል፤ ወላጅም መምህርም። እንዲህ ባለ ቦታ የሠራተኛ ማኅበር የሚመሠረተው አባል ከአባል ሳይፈራ የሚነጋገርበት ነገር ሲያገኝ ነው።

የጅቡቲ መምህራን የተደራጁት በትምህርት እርከን ተከፍለው ነው። የአንደኛ ደረጃ መምህራን የራሳቸው ማኅበር አላቸው፤ የሁለተኛ ደረጃዎቹም እንዲሁ። አገሪቱ የመደራጀት ነፃነትን የሚመለከተውን የዓለም አቀፉን የሥራ ድርጅት 87ኛ ስምምነትና በኅብረት የመደራደር መብትን የሚመለከተውን 98ኛውን ነፃ በወጣች በዓመቷ፣ በ1978 እ.ኤ.አ. ተቀብላለች። ኢትዮጵያ ሁለቱንም የተቀበለችው በ1963 እ.ኤ.አ. ነው። በወረቀት ደረጃ ሁለቱም አገሮች ከብዙዎች ቀድመዋል።

በ1995 እ.ኤ.አ. የጅቡቲ መንግሥት በበጀት ቁጠባ ስም የሠራተኛውን ገቢ የሚነካ እርምጃ ወሰደ። የአገሪቱ ሁለት የሠራተኛ ኅብረቶች በሴፕቴምበር አጠቃላይ የሥራ ማቆም አድማ ጠሩ፤ መሪዎቻቸው ከሥራ ተባረሩ። በቀጣዮቹ ዓመታት መምህራንም በደመወዝ ጉዳይ አድማ መቱ፤ የታሠሩም የተሰናበቱም ነበሩ። ከዚያ በኋላ የመጣው ነገር ለትምህርታችን ዋናው ነው። በየዓመቱ ጄኔቫ በሚደረገው የዓለም አቀፉ የሥራ ጉባኤ ላይ የጅቡቲን ሠራተኛ የሚወክለው ማነው የሚለው ክርክር የውክልና ማረጋገጫ ኮሚቴው ፊት ለብዙ ዓመታት ተደጋግሞ ቀርቧል። የተባረሩት መሪዎች «ወኪሎቹ እኛ ነን» ይላሉ፤ መንግሥት ሌሎችን ይዞ ይመጣል።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ስም ይወሰዳል፤ ማኅተም በሌላ ማኅተም ይተካል፤ ቢሮ ይታሸጋል፤ የባንክ ሒሳብ ይታገዳል። አባሉ የሚያውቀውን ነገር ግን ማንም ሊያሽግበት አይችልም። መሪውን ማን እንደ መረጠው፣ ጥያቄው ምን እንደ ነበር፣ ገንዘቡ የት እንደ ዋለ የሚያውቅ አባል ሌላ ሰው በስሙ ሲናገር ሲሰማ «ይህንን እኔ አልመረጥኩትም» ማለት ይችላል። የማያውቀው ግን ዝም ይላል። ዝምታው ደግሞ ለተተካው መሪ እንደ ድጋፍ ይቆጠርለታል።

አሁን ወደ እኛው አገር ታሪክ እንሻገር። የኢትዮጵያ መምህራን ማኅበር ጉዞውን የጀመረው በ1941 ዓ.ም. ነው። ብርታቱ ከሁሉም በላይ የታየው ግን በየካቲት 1966 ዓ.ም. ነው። ያኔ የትምህርት ሴክተር ሪቪው የተባለ ትልቅ ጥናት ተዘጋጅቶ ነበር፤ የአገሪቱን የትምህርት ሥርዓት ከሥር ለመለወጥ ያቀደ ጥናት። ሠፊው የመምህራን ክፍል ሳይመክርበት ተዘጋጀና ይዘቱ በወሬና በቁርጥራጭ ወረቀት ወጣ። መምህሩ ኑሮዬ ይጎዳል አለ፤ ወላጁ የድሃ ልጅ ከአራት ዓመት ትምህርት በላይ እንዳይገፋ ታስቧል ብሎ ሠጋ። የካቲት 11 ቀን መምህራን ሥራ አቆሙ። የታክሲ ነጂዎችም በነዳጅ ዋጋ ምክንያት በዚያው ዕለት አቆሙ። መንግሥት ጥናቱን ወደ ጎን ለማድረግ ተገደደ፤ ከዚያ በኋላ የመጣውን አብዮት ሁሉም ያውቀዋል።

ብዙ ሰው ይህን ታሪክ ሲያነሣ የአድማውን ኃይል ያወሳል። እኔ ከዚህ የምማረው ግን ሌላ ነው። በጥናቱ ውስጥ በእርጋታ ቢታዩ የሚደገፉ ሐሳቦች ነበሩ፤ የገጠሩን ልጅ ወደ ትምህርት ማቅረብ አንዱ ነበር። ሳያማክሩት የተዘጋጀለትን ነገር ሰው ደጉን ከክፉው ለይቶ አይመለከተውም፤ ጠቅልሎ ይጥለዋል። ይህ ሕግ በመንግሥት ላይ ብቻ አይሠራም። አባሉን ሳያማክር መልካም ስምምነት ይዞ የሚመጣ የማኅበር መሪም ያው ይገጥመዋል።

ኋላ በ1980ዎቹ ዓ.ም. የሆነው ደግሞ ከጅቡቲው ጋር ይመሳሰላል። አንድ ስም የያዙ ሁለት ማኅበሮች ፊት ለፊት ቆሙ። የነባሩ ማኅበር ፕሬዚዳንት ዶክተር ታዬ ወልደ ሰማያት በግንቦት 1988 ታሠሩ፤ የተፈቱት በግንቦት 1994 ነው። የሥራ አስፈጻሚው አባል አቶ አሰፋ ማሩ ሚያዝያ 30 ቀን 1989 አዲስ አበባ ውስጥ በፖሊስ ጥይት ተገደሉ። ሁለቱ ማኅበሮች በፍርድ ቤት ያደረጉት ክርክር ዓመታት ፈጅቶ በ2000 ዓ.ም. በሰበር ችሎት ነባሩን ማኅበር በሚቃወም ውሳኔ ተደመደመ። ነባሮቹ በአዲስ ስም ለመመዝገብ ቢጠይቁ ተከለከሉ። ያን ሁሉ ዘመን በየትምህርት ቤቱ ያለው መምህር መዋጮው ከደመወዙ ሲቆረጥ ወደ የትኛው ማኅበር እንደሚሄድ ማወቅ ይገባው ነበር። አንድ መስመር በደመወዝ መክፈያ ላይ! ከዚያች መስመር ጀርባ ያለውን የማያውቅ መምህር ለማኅበሩ ገንዘቡን ይሰጣል፤ ድምፁን ግን አልሰጠም።

ይህ ትምህርት ከዘመኑ የሠራተኛ ሕግ ብቻ የተቀዳ አይምሰላችሁ። በሐዋርያት ሥራ 6ኛው ምዕራፍ የተጻፈውን አስቡ። ከግሪክ ቋንቋ ተናጋሪዎቹ ወገን የሆኑት መበለቶች በየዕለቱ እርዳታ ተዘነጉ ተብሎ ማጉረምረም ተነሣ። አሥራ ሁለቱ ሐዋርያት ሥልጣን ነበራቸው፤ በራቸውን ዘግተው መወሰን ይችሉ ነበር። እነርሱ ግን ሕዝቡን ሁሉ ጠሩ፤ ችግሩን በግልጽ ተናገሩ፤ ሐሳባቸውን አቀረቡ፤ ምርጫውን ለሕዝቡ ተዉ። ሰባቱ ሲመረጡ ከእስጢፋኖስ እስከ ኒቆላዎስ ስማቸው ሁሉ የግሪክ ስም ነው። ሕዝቡ ቅሬታ ላቀረበው ወገን ቅርብ የሆኑትን መረጠ ማለት ነው። ቅሬታ ያለውን ሰው «አድማጭ የለህም» ከማለት ይልቅ ሥራውን በእጁ ማስያዝ እንዴት ያለ ጥበብ ነው!

በጅቡቲ አብዛኛው መምህር ሙስሊም ነውና ይህንኑ ከቁርኣንም ያገኘዋል። 42ኛው ምዕራፍ ሹራ፣ ማለትም ምክክር፣ ተብሎ ተሰይሟል። በዚያ ምዕራፍ የምእመናን ጠባይ ሲዘረዘር በመካከላቸው መመካከራቸው ከሶላትና ከተሰጣቸው ሲሳይ ከመለገስ ጋር በአንድ አንቀጽ ውስጥ ተቀምጧል። እንግዲህ ማማከር ከአምልኮና ከምጽዋት ጎን የተቀመጠ ግዴታ ነው።

አሁን የሚነሡ ተቃውሞዎችን እንስማ። የመጀመሪያው «አባሉ ግዴለሽ ነው፤ ስብሰባ ብንጠራም አይመጣም» የሚል ነው። ይህን የሚል መሪ ስብሰባው መቼና የት እንደ ተጠራ ይመርምር። በጅቡቲ ጫት ከቀትር በኋላ ሲደርስ ወንዶች በየመብራዙ፣ ማለትም በየጫት መቃሚያው ክፍል፣ ይሰበሰባሉ። የሥራ ወሬም የማኅበር ወሬም እዚያ ይወራል፤ ሐሳብ እዚያ ይበስላል። መምህርቶች ግን እዚያ የሉም። ጉዳዩ በመብራዝ አልቆ በማግሥቱ ስብሰባ ላይ «ተስማምተናል?» ቢባሉ ምን ይበሉ? ዝም ማለታቸው ግዴለሽነት ተብሎ ይመዘገባል። በኦቦክ ያለው መምህርም እንዲሁ ነው። ዋና ከተማው ድረስ ለመምጣት የታጁራን ባሕረ ሰላጤ በጀልባ መሻገር ወይም ዙሪያውን በመኪና መምጣት አለበት። የማኅበሩ ወሬ እርሱ ዘንድ የሚደርሰው እንደ ሩቅ አገር ዜና ከሆነ ጥፋቱ የእርሱ አይደለም። ንቁ መምህርን ወደ ሩቅ ቦታ ማዛወር ማኅበርን የማዳከሚያ የቆየ ዘዴ መሆኑንም እዚህ ላይ አስታውሱ። የተዛወረው ሰው ቃለ ጉባኤውና የድምፅ መስጫው በደረሰው ቁጥር ዝውውሩ ግቡን ይስታል።

ሁለተኛው ተቃውሞ «ሁሉን ብንናገር ምሥጢራችን ይወጣል» የሚለው ነው። እዚህ ውስጥ እውነት አለ፤ ልንለየው ይገባል። በድርድር ላይ ያለ ሰው እስከ የት እንደሚወርድ አስቀድሞ አያውጅም። ይህ የድርድሩ ቀን እስኪያልፍ ይጠበቃል። ነገር ግን ጥያቄያችን ምንድን ነው፣ ማን ሄዶ ይነጋገራል፣ ምን መልስ ተሰጠ፣ መዋጮው በምን ላይ ዋለ የሚሉት በጭራሽ ምሥጢር ሊሆኑ አይችሉም። ምሥጢር የሚባለው ነገር ከዓመት ዓመት እየሰፋ ከሄደ የሚደበቀው ከመንግሥት ሳይሆን ከአባሉ ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ ጊዜ የለም የሚለው ነው። ለዚህ ብዙ መልስ አያስፈልግም፤ ጊዜ ያላገኘለት መሪ ሥራውን ለሌላ ያካፍል።

ከሁሉ ይልቅ ግን በቃለ ጉባኤ ላይ ቆዩልኝ። ብዙ የማኅበር መዝገብ ስንከፍት «አጀንዳው በሰፊው ውይይት ተደርጎበት በሙሉ ድምፅ ጸድቋል» የሚል ዓረፍተ ነገር እናገኛለን። ከዚህ ቀለም ምን እንማራለን? ስንት ሰው እንደ ተገኘ አይናገርም። ማን ምን ሥጋት እንዳነሣ፣ ለሥጋቱ ምን መልስ እንደ ተሰጠ አይናገርም። የተቃወመ ካለ ስሙ ባይጻፍ እንኳ ምክንያቱ አልተጻፈም። እንዲህ ያለው መዝገብ ማኅበሩን በክርክር ቀን አያድነውም፤ ማንም ሰው በአንድ ሌሊት ሊጽፈው ይችላልና። በተቃራኒው፦ ከአርባ ሁለት አባላት ሃያ ዘጠኙ ተገኙ፤ ሰባቱ አድማው ከፈተና በፊት እንዳይሆን ጠየቁ፤ የተማሪዎቹ ዓመት እንዳይበላሽ የሚል ምክንያት አቀረቡ፤ ድምፅ ተሰጥቶ ሃያ ሁለት ለሰባት ሆነ፤ የተሸነፉት ውሳኔውን እንደሚያከብሩ ተናገሩ ተብሎ ቢጻፍስ? ይህን መዝገብ ያነበበ ሌላ መምህር ቦታው ላይ ባይኖርም ነገሩን ያውቀዋል። ሰባቱም ቢሸነፉ እንኳ ተሰምተዋልና ከማኅበሩ አይወጡም። የመምህር ማኅበር ሆኖ መጻፍ ማን ከእኛ የተሻለ ይችላል?

ለአባል የሚነገረው ወላጅንም ይነካል። በጅቡቲ የመንግሥት ትምህርት ቤት ማስተማሪያው ፈረንሳይኛ ነው፤ የማኅበር መግለጫም በዚሁ ቋንቋ ይጻፋል። በአርሂባ ያለች እናት ግን በቤቷ የምትናገረው አፋርኛ ነው። የልጇ ክፍል በአድማ ለምን እንደ ተዘጋ በቋንቋዋ የሚነግራት መምህር ካልመጣ የምትሰማው የማኅበሩን ከሳሽ ቃል ብቻ ነው። ከዩኔስኮና ከዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በኦክቶበር 5 ቀን 1966 እ.ኤ.አ. የወጣው የመምህራንን ደረጃ የሚመለከተው ምክረ ሐሳብ የመምህራን ድርጅቶችን ለትምህርት ዕድገት ትልቅ አስተዋፅኦ ሊያደርጉ የሚችሉ ኃይሎች አድርጎ ይቆጥራል፤ በትምህርት ፖሊሲ ውሳኔ ላይም እንዲሳተፉ ይጠይቃል። የዓለም የመምህራን ቀን ኦክቶበር 5 የሚከበረውም በዚህ ምክንያት ነው። ማኅበር ይህን ቦታ ከመንግሥት ሲጠይቅ በራሱ ቤት ለአባሉ ያንኑ ቦታ ሰጥቶ መሆን አለበት። እኛ ያላማከርነውን አባል ይዘን «መንግሥት አላማከረንም» ብንል ማን ይሰማናል?

እንግዲህ ይህን የምታነቡ መምህራን፣ በጅቡቲም ሆናችሁ በአገር ቤት፣ የቤት ሥራ ልስጣችሁ። በሚቀጥለው የትምህርት ቤታችሁ የማኅበር ስብሰባ ላይ ያለፈው ቃለ ጉባኤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በጉልህ እንዲነበብ ጠይቁ። ያለፈው ዓመት መዋጮ ገቢና ወጪ በመምህራን ማረፊያ ክፍል ግድግዳ ላይ እንዲለጠፍ ጠይቁ። ስብሰባው መምህርቶች ሊመጡ በሚችሉበት ሰዓት ይሁን በሉ። ተወካይ የሆናችሁ ደግሞ ሳትጠየቁ አድርጉት። በሩቅ ምድብ ያለ ባልደረባ ካላችሁም ውሳኔ ከመተላለፉ በፊት ዛሬውኑ ደውላችሁ አሳቡን ጠይቁትና በመዝገቡ ላይ አስገቡለት።